«ሐሳቤ ተነስቷል»፤ በመሥሪያ ቤት አለመስማማት ስንት ያስከፍላል?

የአገራችንን የመሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ሦስት ንግግሮችን በቃሉ ይዟል። «ለማጠናከር ያህል ነው።» «የተባለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።» «ሐሳቤ ተነስቷል።» ሰብሳቢው ረቂቅ ዕቅዱን አንብቦ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲል ጥቂት ሰከንድ ጸጥታ ይሆናል። አንዱ ማስታወሻ ደብተሩን ያገላብጣል፣ ሌላው ስልኩን ያያል፤ ከዚያ «በሙሉ ድምፅ» ይባልና ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ደረጃው ላይ፣ ማኪያቶ ቤት፣ ሰርቪስ ውስጥ፣ አለቃው በሌለበት የቴሌግራም ግሩፕ። «ኧረ ይሄ ነገር አይሠራም!» የሚባለው እዚያ ነው። ዕቅዱ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ሁሉም «እኔ ድሮም አውቄ ነበር» ይላል። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዝምታ ሲወራ ሁለት ምክንያቶች ይቀድማሉ፤ ሠራተኛው ፈሪ ነው የሚል አንድ፣ ባህላችን ነው የሚል ሁለት። ሁለቱም ለአለቃ ይመቻሉ፤ እሱን የሚጠይቀው የለምና። ባለፉት በርካታ አሥርት ዓመታት የተሠሩት ጥናቶችና የደረሱት አደጋዎች ግን ሌላ ነገር ነው የሚያሳዩት። ዝምታ ሒሳብ ነው። ሠራተኛው ብናገር ምን አተርፋለሁ፣ ምን አጣለሁ ብሎ ያሰላል፤ ስሌቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው።

ሒሳቡን ቀድሞ በግልጽ ያስቀመጠው አልበርት ሂርሽማን የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ አንድ ድርጅት መበላሸት ሲጀምር ውስጡ ያለ ሰው ሁለት መንገድ አለው ይላል፤ ወይ ጥሎ መውጣት ወይ መናገር። ለድርጅቱ ያለው ታማኝነት ደግሞ የትኛውን እንደሚመርጥ ይወስናል። እንደኛ ሥራ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሁለቱ መንገዶች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። መውጫ የሌለው ሰው አለቃውን ለማስቀየም አይደፍርም። መውጫ ያለው፣ ለምሳሌ ቪዛው የደረሰለት ወይም ሌላ ድርጅት የፈለገው፣ ሳይናገር ይሄዳል፤ ምን ይጠቅመኛል ብሎ። በሁለቱም መካከል ድርጅቱ የሚያስፈልገውን ወሬ ሳይሰማ ይቀራል።

በሐርቫርድ የምታስተምረው ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታል የነርሶች ቡድኖች ላይ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ ቡድን ጥቂት ስህተት ይኖረዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት መዝግበዋል። ነገሩ ሲመረመር እነዚያ ቡድኖች ይበልጥ ተሳስተው አልነበረም፤ ስህተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር እንጂ። ከዚህ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣችው ጽሑፍ የዘርፉ ዋና መነሻ ሆኗል። ለእኛ አገር አንባቢ ግን ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ከጄምስ ዲተርት ጋር በ2011 የሠራችው ጥናት ነው። ሰዎች ማንም ሳያስተምራቸው የሚይዟቸውን ሕጎች ይዘረዝራል፦ አለቃህን አልፈህ ወደ በላይ አትሂድ፣ በሰው ፊት አታሳፍረው፣ ጠንካራ ማስረጃ ሳትይዝ አትናገር፣ እሱ ራሱ የዘረጋውን አሠራር አትንካ። አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ከየትኛውም ቢሮ የተቀዳ ይመስላል፤ ጥናቱ የተሠራው ግን አሜሪካ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ኢታን በሪስ ደግሞ በ2012 የሠራተኛውን ስሌት ከአለቃው ወገን ሆኖ ፈተነው። ነባሩን አሠራር የሚሞግት ሐሳብ ያቀረቡ ሰዎች፣ ደጋፊ ሐሳብ ካቀረቡት ይልቅ በአለቆቻቸው ዘንድ ዝቅ ያለ ግምት አገኙ። ፈሪ የምንለው ሰው እንግዲህ ዓይኑን ገልጦ የሚያይ ሰው ነው።

«ባህላችን ነው» ወደሚለው እንምጣ። የሆላንዱ ሄርት ሆፍስቴድ የየአገሩን የሥልጣን ርቀት በቁጥር ለክቻለሁ ካለ ወዲህ፣ እኛም ከአለቃ ጋር መከራከር የማይወድ ሕዝብ ተብለን በሥልጠና ስላይድ ላይ ሰፍረናል። ስላይዱ የማይነግረን ግን በመጀመሪያው ጥናት ኢትዮጵያ ለብቻዋ እንዳልተለካች ነው፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ በአንድ ቁና ተሰፍራለች። መልስ ሰጪዎቹም የአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። በርግጥ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እንላለን፣ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። «ተማክረው የፈሱት ፈስ አይገማም» የሚለው እንኳ አለ፤ አሜሪካዊው ኧርቪንግ ጃኒስ በ1972 በሙሉ መጽሐፍ ያብራራውን የጅምላ አስተሳሰብ አደጋ አባቶቻችን በአንድ መስመር ጨርሰውታል ማለት ነው።

ነገር ግን በዚሁ አገር በላ ልበልሃ ነበር። ተከራካሪው ዘንጉን ተመርኩዞ፣ ሸማውን አደግድጎ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረደ ባለጋራውን በጥያቄ ያፋጥጥ ነበር፤ ታዳሚው ከብቦ ያዳምጣል፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይፈርዳል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረው ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይበጠራል። ሙግት የሚጠላ ሕዝብ እነዚህን አያቆይም። በላ ልበልሃ የነበረው ቢሮው ግን የሌለው ነገር ሥርዓት ነው፤ ማን መቼ እንደሚናገር፣ ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ነገሩ መቼ እንደሚያልቅ የታወቀ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳኛው ከተከራካሪዎቹ አንዱ አልነበረም። በመሥሪያ ቤት ሐሳቡን ያቀረበው አለቃ ነው፣ በሐሳቡ ላይ የሚፈርደው አለቃ ነው፣ የዓመቱን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላውም አለቃ ነው።

የእኛ ቢሮ ከዚህ በላይ የራሱ ታሪክ አለው፤ እሱም ግምገማ ነው። የግራ ዘመም ድርጅቶች «ሂስና ግለ ሂስ» ይሉት የነበረው ልማድ በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ በተቋቋመው የውይይት ክበብ በኩል ሠራተኛውን አገኘው። ከሕወሓት የትግል ሜዳ የመጣው ግምገማ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት ቢሮዎች ሥር ሰደደ። ወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ የሐሳብ ነፃነት የለም። የበታቹ የበላዩን ፊት ለፊት ይተቻል፤ ጥበቃው ስለ ሥራ አስኪያጁ ይናገራል። ጉቦኛ ሹም የተጋለጠበት ጊዜም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም።

መድረኩ ግን ሥራውን ትቶ ሰውዬውን ነበር የሚመረምረው። ተገምጋሚው ይነሳል፣ መጀመሪያ ራሱን ይገመግማል፤ «ቁጡ ነኝ፣ አንዳንዴም ጓዶቼን በሚገባ አላግዝም»። ብልህ የሆነ ሰው ትንሽ ጥፋት መርጦ ይናዘዛል፤ ትልቁን ሌላ ሰው እንዳያነሳበት። ቀጥሎ ቤቱ ይናገራል፤ ማን ጠባብ፣ ማን ትምክህተኛ፣ ማን ኪራይ ሰብሳቢ እንደሆነ። «ድክመቴን ተቀብያለሁ» ይባላል፣ ውጤት ይሰጣል፣ ወረቀቱም ወደ ግል ማኅደር ይገባል። ከዚህ መድረክ የወጣ ሰው ሁለት ትምህርት ይዞ ይሄዳል። አንደኛው፣ ተቃውሞ ማለት ሰው መምታት ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ የተናገርኩት ነገ በእኔ ላይ ይነበባል። በኋላ የመጣው የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ይህን አላሻሻለውም፤ በብዙ ቦታ ውይይቱ ሳይካሄድ ቅጹ ይሞላ እንደነበር የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ዛሬ አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከሥልጠና ተመልሶ «ነፃ ሆናችሁ ተቹኝ» ሲል፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው የሒሳብ ሠራተኛ ፈገግ ብሎ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ግብዣውን ከዚህ በፊት ሰምቶታል።

የመቃወም ጉዳይ በዝርዝር የተጠናው በቢሮ ሳይሆን በአውሮፕላን አብራሪዎች ክፍል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚያ የተባለው ሁሉ ይቀዳል፣ የዝምታ ውጤትም በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት፣ ጭጋግ በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ፣ የኬኤልኤም አውሮፕላን ካፒቴን ለመነሳት ኃይል ሲሰጥ ረዳቱ ገና ፈቃድ እንዳላገኙ ነገረው። ካፒቴኑ አቆመ፤ እንደሚያውቅና ፈቃዱን እንዲጠይቅ መለሰለት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ረዳቱ በግልጽ አልተቃወመም። የበረራ መሐንዲሱ ግን ከኋላ ሆኖ እዚያው መንደርደሪያ ላይ የነበረው የፓን አም አውሮፕላን አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለ። መሐንዲሱ አልደገመም። በግጭቱ 583 ሰዎች ሞቱ፤ እስከ ዛሬ ከዚያ የከፋ የአውሮፕላን ግጭት የለም። ካፒቴኑ የአየር መንገዱ ዋና አሠልጣኝ ነበር፤ ረዳቱን ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን ፈትኖ ያሳለፈውም እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለቴ ማስቆም ቀላል አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ላይ በፖርትላንድ የዩናይትድ አውሮፕላን፣ ካፒቴኑ በእግር ጎማው ችግር ተጠምዶ ሳለ፣ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ባልደረቦቹ አውቀዋል፤ የተናገሩት ግን በተሸፋፈነ ቋንቋ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ናሳ በ1979 ባለሙያዎችን የሰበሰበው፣ ዩናይትድም በ1981 የመጀመሪያውን የበረራ ቡድን አመራር ሥልጠና የጀመረው። ሥልጠናው ለረዳቱ ድፍረትን ብቻ አልሰበከም። ቃሉን ሰጠው፣ ቅደም ተከተሉን ሰጠው፤ ሁለቴ አስጠንቅቆ መልስ ካጣ መሪውን እንዲረከብ የሚያዝ ደንብ ያላቸው አየር መንገዶች አሉ። ለካፒቴኑም ማዳመጥ ከሚፈተንባቸው ሙያዎች አንዱ ሆነ። መናገር የረዳቱ ጀግንነት መሆኑ ቀረና የሥራ ግዴታው ሆነ።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነስቶ ባሕር ላይ የወደቀውንና የ90 ሰዎች ሕይወት ያለፈበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በተመለከተ የሊባኖስ መርማሪዎች ሪፖርት፣ ረዳት አብራሪው ጣልቃ ለመግባት ማመንታቱን ከምክንያቶቹ ጋር ጠቅሷል። አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ ፈንድቷል ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላው የአየር መንገዱ አደጋ ግን ዝምታ ከአብራሪዎች ክፍል ውጭ፣ በፋብሪካና በቢሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አሳይቶናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎችን ይዞ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ በተሠራበት በሬንተን ፋብሪካ፣ ኤድ ፒርሰን የተባለ ሥራ አስኪያጅ እ.ኤ.አ. በጁን 2018፣ ማለትም ማክስ ከደረሱበት ሁለት አደጋዎች፣ ከቢሾፍቱውና ከእሱ ወራት ቀድሞ ከደረሰው በፊት፣ ለ737 ፕሮግራም ኃላፊ ኢሜይል ጽፎ ነበር። ሠራተኛው ደክሟል፣ ሥራው ተዘበራርቋል፣ መስመሩ ለጊዜው ይቁም የሚል። አልቆመም። የፋብሪካው ሁኔታ ለአደጋዎቹ ድርሻ ነበረው የሚለውን ቦይንግ አይቀበልም፤ የተረጋገጠው ምክንያት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ሶፍትዌር ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ነገርም ይዟል። በ2016 በቦይንግ ውስጥ በተደረገ የመጠይቅ ጥናት፣ በአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ስም የደኅንነት ቁጥጥር ከሚሠሩት የኩባንያው ሠራተኞች መካከል መልስ ከሰጡት 39 በመቶዎቹ ያልተገባ ጫና አለ ብለው ነበር። ወሬው ኩባንያው እጅ ነበር ማለት ነው። ተናጋሪ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የተናገረው ሰው ቃል የሚያርፍበት ቦታ ጠፍቶ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ከተለመደው ምክር የምለየው። የአመራር መጻሕፍት «ድምፃችሁን አሰሙ» ይላሉ። የሰማው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተጻፈ፣ ማሰማቱ ሠራተኛውን ለአደጋ ማጋለጥ ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን ምስክር ነው፤ ቁልፉ ዝጓል፣ ማን ዘንድ እንዳለም አይታወቅም።

ደግሞም አለመስማማት ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለውን በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል። ካረን ጄን በ1990ዎቹ በሥራ ጉዳይ መጋጨትንና በሰው ጉዳይ መጋጨትን ለይታ፣ የመጀመሪያው ሊጠቅም እንደሚችል ስትጽፍ ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ደ ድሩና ዋይንጋርት የነበሩትን ጥናቶች ደምረው ሲያዩ ሁለቱም ዓይነት ግጭት ከደካማ ውጤት ጋር ተያይዞ አገኙት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተሠራ ሰፋ ያለ ድምር ነገሩን አለዘበው፤ የሥራ ክርክር ወደ ሰው ጠብ ሳይዞር ከቀረ ጉዳት የለውም፣ በከፍተኛ አመራር ደረጃ ደግሞ ሊጠቅም ይችላል። ግምገማን ላየ ሰው ይህ አዲስ ግኝት አይደለም።

ከቤተ ሙከራ የመጡት ሁለት ነገሮች ግን ለማንኛውም ሰብሳቢ ይጠቅማሉ። ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረገው ፈተና፣ ሰዎች የመስመር ርዝመት እያዩ፣ አብረዋቸው የተቀመጡት ሁሉ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ሄደዋል። ከመካከል አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ግን መከተሉ ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። አንድ ሰው በቂ ነው። ቻርላን ኔሜት በበኩሏ ያሳየችው፣ ያ ሰው ከልቡ የሚቃወም መሆን እንዳለበት ነው። «ዛሬ አንተ ተቃዋሚ ሁን» ተብሎ የተመደበ ሰው ያን ያህል ሐሳብ አያነቃም፤ ተውኔት መሆኑ ይታወቅበታል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ የማምነው የቶዮታን ገመድ ነው። ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ይመጣል፤ መፍትሔ ካልተገኘ መስመሩ ይቆማል። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ፣ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ስሙ የጠፋውን፣ ከቶዮታ ጋር በ1984 ሲከፍቱት አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ነበሩ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ባህላቸውም ያው ነው። የተለወጠው፣ ገመድ የሳበ ሰው ጋ የሚመጣው መሪ ምን ብሎ እንደሚመጣ ነው። የሥራ ማሻሻያ ዘዴው ካይዘን በጃፓኖች ድጋፍ በ30 ገደማ ድርጅቶች ተሞክሮ፣ የካይዘን ኢንስቲትዩቱም በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ብዙ ፋብሪካ የወሰደው መሬት ላይ የሚሰመረውን ቢጫ ቀለምና መሣሪያ የሚሰቀልበትን ሰሌዳ ነው። እነሱም ጠቅመዋል። ገመዱን ይዞ የመጣ ፋብሪካ ግን ብዙ አላየሁም።

ሥርዓት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያስተምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የማረጋገጫ ዝርዝር፣ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ድርሻውን እንዲናገር ያዛል። አንዴ አፉን የከፈተ ሰው ሁለተኛ ለመክፈት ይቀለዋል ከሚል እምነት ነው። በስምንት ከተሞች ሲሞከር የሟቾች መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ያሉ ሆስፒታሎች በትእዛዝ ሲያደርጉት ግን፣ በ2014 የወጣው ጥናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ቅጹ ተሞላ፣ ንግግሩ ቀረ። እኛ ይህን ለመረዳት ኦንታሪዮ መሄድ አያስፈልገንም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። መልካም ነው፤ ግን «ስለተቃወመኝ አሰናበትኩት» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። «መዋቅር ተስተካከለ» ይባላል፣ ወይም ሰውየው ወደ መጋዘን ይዛወራል፣ ወይም ስሙ ከሥልጠና ዝርዝር ይጠፋል። ይህን ሁሉ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም።

ይልቅስ ከፍርድ ቤት መዋስ የሚገባን ሌላ ነገር አለ። በችሎት ከባልደረቦቹ ጋር ያልተስማማ ዳኛ የልዩነት ሐሳቡን ይጽፋል፤ ከፍርዱ ጋር ይያያዛል፤ ፍርዱም ይፈጸማል። ማንም ከዳተኛ አይለውም። የመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤም ይህን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ «አቶ እገሌ በጨረታው የጊዜ ገደብ አልተስማሙም፣ ምክንያታቸው ይህ ነው» የምትል ሁለት መስመር። ኢንቴልና አማዞን «ተቃወም፣ ከተወሰነ በኋላ ግን አብረህ ሥራ» የሚለውን መርህ ሥራ ላይ ያዋሉት ለዚሁ ነው፤ ብዙ አለቆቻችን የሚወዱት ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ቢሆንም። የተጻፈ ልዩነት ከሦስት ወር በኋላ ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። ሰውየው ትክክል ከነበረ ሰብሳቢው በሚቀጥለው ጊዜ ያዳምጠዋል፤ ተሳስቶ ከሆነም ራሱ ያየዋል። ሰብሳቢው ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ቢናገር፣ ታናናሾቹም ከታላላቆቹ ቀድመው ቢናገሩ ደግሞ ወጪው ምንም ነው። ሰው አክብሮ ዝም ያለውን ወጣት መጀመሪያ ስትጠይቁት ታላቁን ከመቃወም ይድናል፤ ገና የሚቃወመው ሰው አልተናገረምና።

ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላለው መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ግን ባለቤቱ አጎት፣ ገንዘብ ያዧ የባለቤቱ ሚስት በሆነችበት ሱቅ፣ ጋራዥና ሆቴል ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራበት ዘዴ ሽማግሌ መላክ ነው። ሠራተኛው ለባለቤቱ ጎረቤት ወይም ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ እነሱ ደመወዝ የማይቆረጥባቸው በመሆናቸው ይናገራሉ። ለደመወዝና ለስድብ ይሠራል፤ ብዙ ጠብም አብርዷል። የሆቴሉ ፍሪጅ ሌሊት ሌሊት እንደሚጠፋና ሥጋው እንደሚበላሽ ለመናገር ግን ሽማግሌ የሚልክ የለም። እሱን ወጥ ቤቷ ራሷ ለባለቤቱ መንገር አለባት፤ የምትነግረውም ባለፈው ጊዜ ስለ ጋዙ ስትነግረው የመለሰላትን መልስ እያስታወሰች ነው።